ሠናይት የሰፋችው ሸራ

በሰፈራችን እውነተኛ ስሜን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ጌታሁን እባላለሁ። ልደታ፣ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ዳር የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ፤ በርና መስኮት እሠራለሁ፣ የተሰበረ ሶፋ እጠግናለሁ። ሰዉ ግን የሚጠራኝ ኖኅ እያለ ነው። ባሕር በሌለበት ከተማ፣ በቀበሌ ቤት ግቢ ውስጥ የሸራ ጀልባ የሚሠራ ሰው ሌላ ምን ይባላል? ጠዋት ጠዋት ወደ ታክሲ የሚሄዱ ጎረቤቶቼ አንገታቸውን በአጥሩ ላይ ብቅ እያደረጉ፣ የጥፋት ውሃው መቼ እንደሆነ ንገረንና እንዘጋጅ ይሉኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ጊዜ ብዙ እስቅ ነበር።

የምጽፍላችሁ ግን ስለ ጀልባዋ አይደለም፤ ስለ አንድ እሑድ ጠዋት ነው። ያን ጠዋት በገዛ እጄ ያደረግሁት ነገር አለ። ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ፣ ለልጄም ነግሬያለሁ። ለእናንተ የምነግረው ደግሞ ከመካከላችሁ እንደኔ አፉን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው።

ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ባሕር ኃይል ገብቼ ሁለት ዓመት ምፅዋ ነበርኩ። ከዚያ ሁሉ በልቤ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ የመለማመጃዋ ጀልባ ሸራ ነፋስ ሲገባበት የሚያሰማው ድምፅ። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ይማታል፣ ጆሮ ያደነቁራል። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ሲሞላ ድንገት ዝም ይላል። ዝም ሲል ጀልባዋ ሄደች ማለት ነው። መንግሥት ሲለወጥ ባሕሩም አልቀረልንም፣ እኔም ወደ አባቴ መጋዝና መላጊያ ተመለስኩ።

ሠናይትን ያገኘኋት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ነው። ሱሪ ላሳጥር ሄጄ ስለ ሸራው ድምፅ አወራኋት። ሱሪዬን አንስታ እያየች፣ ጨርቅ ዝም ሲል ሰምታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። "አንድ ቀን አሰማሻለሁ" አልኳት። ያ አንድ ቀን ሃያ ስምንት ዓመት ፈጀ።

የፈጀው በስንፍና አይደለም። ቤዛ ተወለደች፤ ማሳደግ ነበረብን። ቤዛ ትምህርቷን ልትጨርስ ስትቃረብ እናቴ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሏት አልጋ ላይ ዋለች። ዘጠኝ ዓመት ተኛች። ዘጠኝ ዓመት ያገላበጠቻት፣ ያጠበቻት፣ ያጎረሰቻት ሠናይት ነች፤ እኔ ልጇ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ከመተከዝ በቀር ብዙም አልረባሁም። እናቴን ቀብረን፣ ሰማንያዋን ካወጣን በኋላ በማግስቱ ሠናይት ሥራ ቤቴ ድረስ መጣች። "እንግዲህ ጌቱ፣ ቤታችን ውስጥ የተኛ ሰው የለም። ጀልባህን ጀምር" አለችኝ።

ሦስት ዓመት ሠራናት። አጥንቷ ዋንዛ፣ ገላዋ ኮምፔንሳቶ፣ ርዝመቷ ከበራችን እስከ ውሃ ቧንቧው ነበር። ሠናይት ሸራ ተራ ሄዳ ጨርቁን ራሷ እየዳሰሰች መረጠች። ሸራውን ሰፍታ ጨረሰች፤ ስፌቱ ትንሽ ጠመመብኝ ብላ ሙሉውን ፈታችው፤ እንደገና ሰፋችው። ገመድ አስተሳሰር ሳስተምራት በሳምንት በለጠችኝ። ያቀድነው አባያን ነበር። ከአርባ ምንጭ ተነስተን፣ ዳር ዳሩን ይዘን ወደ ሰሜን እየቀዘፍንም በነፋስ እየተገፋንም፣ ማታ ማታ የብስ ላይ እያደርን፣ አሥራ አምስት ቀን ሁለታችን ብቻ። ቤዛ ሐዋሳ አስተማሪ ናት፤ ስንመለስ እሷ ዘንድ አርፈን እንመጣለን አልን።

ጀልባዋ ልታልቅ ስትል፣ ሰኔ ላይ፣ ሠናይትን ጎኗን ያማት ጀመር።

ከብዙ ምርመራ በኋላ ሐኪሙ ሁለታችንንም አስገባን። ጥቂት ጠያየቃትና፣ "እናት፣ እርስዎ አንዴ ውጭ ይጠብቁን" አላት። ወጣች። በሩ ሲዘጋ ገባኝ። ጉበቷ ላይ እንደሆነ፣ እንደተሠራጨ፣ ቀዶ ሕክምና እንደማይረዳት፣ የቀራት ጊዜ በወራት የሚቆጠር እንደሆነ ነገረኝ። ለእሷ ምን ልበላት ብዬ ጠየቅሁት። እሱን እናንተ ቤተሰቦቿ ታውቃላችሁ አለኝ።

በእኛ አገር ደንቡ ይህ ነው። ስለ በሽተኛው ሁሉም ያውቃል፣ በሽተኛው ብቻ አያውቅም። ምክር ፍለጋ የሄድኩት የዕድራችን ዳኛ የሆኑት ጎረቤቴ ጋሽ ታደለ ዘንድ ነው፤ እሳቸውም ሽበታቸውን እያሻሹ፣ ሰው የሚሞተው ከበሽታው ይልቅ ተስፋ ሲቆርጥ መሆኑን አስረድተው አፌን እንድይዝ መከሩኝ። ያዝኩ። ለቤዛ እንኳ አልነገርኩም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። የሰውን በሽታ ከራሱ ከሰውዬው ስለሚደብቅ ሰው ግን ተረት የነገረኝ የለም።

ከሐኪም ቤት ስንመለስ ጨጓራ ነው አልኳት። ታክሲ ጥበቃ ላይ ሳለን ምን ላድርግላት ብዬ ዙሪያውን አየሁና ከአንድ ጋሪ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ገዛሁላት። ፌስታሉን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እስከ ቤት ብርቱካኖቹን ስታያቸው ነበር።

አሁን ጭንቀቴን ተረዱልኝ። ጉዞው መስቀል ካለፈ በኋላ እንዲሆን ተቀጣጥረን ነበር። ሐኪሙ ደግሞ ሕመሙ በድንገት ሊብስባት፣ ደምም ሊፈስሳት እንደሚችል አስጠንቅቆኛል። ከሐኪም ሁለት ቀን በሚርቅ ሐይቅ ዳር፣ ሰው በሌለበት፣ እጄ ላይ ስታልፍ ታየኝ። ስለዚህ መቅረት ነበረብን። እንቅር ካልኩ ግን ለምን ትለኛለች፤ ለምን ለሚለው መልስ የለኝም። ማዘግየት ጀመርኩ።

ቀለሙ አልደረቀም አልኩ። በየጠዋቱ እየሄደች በጣቷ ትነካው ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ንጹሕ ጣቷን አምጥታ አሳየችኝ። የመሪው ማጠፊያ ብረት በገበያ ጠፋ አልኩ። ራሷ አብነት ወርዳ፣ ብረት ቤት ቆማ፣ በልኩ አስቀጥቅጣ አመጣች። ጀልባ የሚጭን መኪና አጣሁ አልኩ። ልብስ ከምትሰፋላቸው ሴቶች የአንዷ ባል የጭነት መኪና ሾፌር ሆኖ ተገኘ። እሷ እየከሳች ነው፤ ቀሚሶቿን በየሁለት ሳምንቱ በስፌት ታጠብባቸዋለች። እየከሳች ግን ትጣደፋለች። ሕመሟን ባታውቅ ነው እንዲህ የምትሮጠው እያልኩ በልቤ አለቅስ ነበር።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ዓርብ ዕለት፣ ፊቷ በርቶ ገባች። ሾፌሩ ሰኞ ሲነጋ ግቢያችን በር ላይ ይቆማል አለችኝ። ቀኑ ተቆርጧል። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ዕቃ ስትጭን ዋለች፤ እኔ በየጥጉ ስዞር ዋልኩ።

እሑድ ኅዳር አንድ ነበር፤ የወሩ ልደታ። ሠናይት የልደታን ቅዳሴ አታስታጉልም፤ ሰፈሩም እንደዚያው ነው። ማልዳ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ፣ እኔ ገመድ የማጠባብቀው ስላለኝ እንደምቀር ነገርኳት። እኔንም ጉዞውንም በጸሎት እንደምታስብ ነግራኝ ሄደች። ግቢው ጭር አለ። ጋሽ ታደለም ከነባለቤታቸው ወጥተዋል። ከሩቅ የቅዳሴው ድምፅ በድምፅ ማጉያ ይሰማል።

ጀልባዋ ውስጥ ገብቼ አየሁ። ሁሉ በየቦታው ነው። ሽሮው፣ በርበሬው፣ በሶው በየጣሳው ታሽጓል። ሁለት ብርድ ልብስ፣ ሁለት ትራስ፣ ጆሮ ያላቸው ሁለት የቆርቆሮ ኩባያዎች። አንዱ ኩባያ ሰማያዊ ነው፣ የሷ። ተቀመጥኩና አሰብኩ። ለሾፌሩ ልደውልና አትምጣ ልበለው? እሷም ትደውልለታለች። ታመምኩ ልበል? ያቺ ሴት ታማ እኔን ልታስታምም አጠገቤ ልትቀመጥ ነው፤ እሱን አልችለውም። የመሪውን ብረት ልደብቀው? ሌላ ታስቀጠቅጣለች። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ነገር ያላቃታት ሴት ናት፤ በምን ላቁማት?

ከጀልባዋ ወረድኩና ከሥሯ ተመለከትኩ። በአራት ወፍራም የባሕር ዛፍ እንጨቶች ተደግፋ ነው የቆመችው። አንዱ ቢወልቅ በጎኗ ትወድቃለች። ትንሽ ብትሰነጠቅ በቂዬ ነው፤ ድጋፉ ተንሸራተተ እላለሁ፣ ጉዞው ለገና ያድራል፣ እስከ ገና ደግሞ እግዚአብሔር ያውቃል። ጥግ ላይ እናቴ ልብስ ታጥብበት የነበረ ሰፊ ድንጋይ አለ። ተንበርክኬ እያንከባለልኩ አመጣሁትና ከጎኗ ሥር፣ ትወድቃለች ባልኩበት ቦታ አስቀመጥኩት። ይህን የምጽፈው እንድትፈርዱብኝ ነው። ተንሸራቶ አይደለም፣ ደንግጬም አይደለም፤ አስቤበት ድንጋይ አስቀምጬ ነው።

ትልቁን መዶሻ አነሳሁ። መጀመሪያ ስመታው እንጨቱ አልነቃነቅም አለ። የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ጥሩ አድርጌ ነው የተከልኩት። ሁለተኛውን መታሁ። በሦስተኛው ተፈናጥሮ ወጣ። ጀልባዋ ትንሽ ዘመም አለችና ቆመች። የማትወድቅ መሰለኝ፤ እንደውም አልወድቅ ብትል ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ሌላው ድጋፍ ተሰነጠቀ፣ ጀልባዋም ሙሉ ክብደቷን ይዛ ድንጋዩ ላይ ወረደች።

ሠላሳ ዓመት ከእንጨት ጋር ኖሬያለሁ፤ ምን እንደተሰበረ ሳላይ በድምፁ አወቅሁ። ኮምፔንሳቶው ክንድ የሚያህል ተተርትሯል፣ ከዋንዛው አጥንትም ሁለቱ ተሰብረዋል። እኔ የፈለግሁት ስንጥቅ ነበር። ጣሳዎቹ ተንኮታኩተው ፈሰሱ፤ ሰማያዊው ኩባያ እየተንከባለለ እግሬ ሥር መጥቶ ቆመ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁትና ቀና ስል ሠናይት የግቢውን ብረት በር ተደግፋ ቆማለች።

ቅዳሴው ገና እየተሰማ ነው። ለካ መቆም አቅቷት አቋርጣ መጥታለች። መዶሻው በአንድ እጄ፣ ኩባያዋ በሌላው እጄ ነው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የቆምሽው?" አልኳት።

"ከድንጋዩ ጀምሮ።"

ቀስ ብላ መጥታ የጣውላ ክምር ላይ ተቀመጠች። እኔ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ሁሉን እያየች ቆማ፣ ድጋፉ ተንሸራቶ ነው አልኳት። ውሸት አንዴ ከለመደ እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ፊትም አያፍርም። ሠናይት እስክጨርስ ሰማችኝና ነጠላዋን አስተካክላ፣ "ሐኪሙ ስንት ወር ነው ያለህ?" አለችኝ።

መዶሻውን ጥዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"ታውቂ ነበር?"

"ጌቱ፣ በሃያ ስምንት ዓመት አንድ ቀን ብርቱካን ገዝተህልኝ ታውቃለህ? ያን ቀን ሁለት ኪሎ ገዛህ። ደግሞ ጨጓራ ነው ብለኸኝ። ጨጓራ ለያዘው ሰው ማን ብርቱካን ይገዛል?"

ጠርጥራ በሳምንቱ ብቻዋን ሐኪሙ ዘንድ ሄዳለች። ባሌ ሁሉን ነግሮኛል፣ የመድኃኒቱን አወሳሰድ ብቻ ያስረዱኝ ስትለው ሰውዬው አምኖ ዘረገፈላት። እኔ ለአራት ወር ከእሷ የደበቅሁትን ነገር እሷ ደግሞ ለአራት ወር ከእኔ ስትደብቅ ኖራለች። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን፣ አንድ ነገር እያወቅን፣ እኔ ሳቅ እላለሁ፣ እሷም ሳቅ ትላለች። እኔ ስለማውቅ አዘገያለሁ፤ እሷ ስለምታውቅ ትቸኩላለች።

ታዲያ ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት።

"ብነግርህ መጋዝህን አስቀምጠህ አጠገቤ ትቀመጣለህ። እናትህ አጠገብ ዘጠኝ ዓመት እንዴት እንደተቀመጥክ አይቻለሁ። እኔ ያን ፊት እያየሁ መሞት አልፈለግሁም። ጠዋት መጋዝህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር።"

"ሐይቁ ላይ ብትሞቺብኝስ?" አልኩ። መጥፎ አነጋገር ነው፤ ግን አራት ወር ያነቀኝ እሱ ነበር።

ሠናይት ወደተሰበረው ጎን ተመለከተች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ፣ ብትሰድበኝ በስንት ጣዕሙ። "እሱን ሰምቼ ብሞት ምን ነበረበት?" አለች። "ሁለት ጊዜ የሰፋሁት ሸራ እኮ ነው። አንዴ ሞልቶ ዝም ሲል መስማት ፈልጌ ነበር።"

ያን ጊዜ አለቀስኩ። እናቴን ስቀብር ያላለቀስኩትን ሁሉ አለቀስኩ። እሷ ጭንቅላቴን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቆየችና ለመጠገን ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቀችኝ። አዲስ ዋንዛ ተፈልጎ፣ ተጎብጦ፣ ኮላው በደንብ እስኪደርቅ ሃያ ቀን አልኳት። ጣቶቿን ተመለከተች፤ ስትቆጥር አየኋት። "በአሥር አድርገው" አለችኝ።

ሾፌሩን ራሷ ደውላ አስቀረችው። ከቅዳሴ የተመለሱት ጋሽ ታደለ የሆነውን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ምክሩ የእሳቸው ስለነበር፣ ሠናይትን ይቅርታ ጠየቋት። ከዚያ ኮታቸውን ጥለው ጣውላ ሊይዙልኝ ገቡ። ከአብነት ሁለት አናጺ ጓደኞቼ ሥራቸውን ትተው መጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኖኅ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም።

ለእነዚያ ቀኖች እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ ሌላ የማመሰግንበት የለኝምና። ሠናይት በራፉ ላይ ፍራሽ ተነጥፎላት ፀሐይ እየሞቀች ታየናለች። እኔ እየላግሁ እናወራለን። የት እንደምትቀበር፣ የስፌት መኪናዋ ለማን እንደሚሰጥ፣ ቤዛ ያንን የምትወደውን ልጅ ብታገባ እንደማልቃወም፣ ሁሉን አወራን። ለቤዛም አብረን ደወልንላት፤ በማግስቱ ከሐዋሳ ደረሰች። አራት ወር እንዲህ እያወራን ልንኖር እንችል እንደነበር ሳስብ መላጊያው ከእጄ ይወድቃል።

በዘጠነኛው ቀን ሠናይት መነሳት አቃታት። በአሥራ አንደኛው ኮላው ደረቀ፤ ጀልባዋ ተነስታ ቆመች። ሐኪሙን ስልክ ደውዬ ጠየቅሁት፤ እንኳን አርባ ምንጭ፣ ቢሾፍቱም እንዳታደርሳት፣ መኪና ላይ ታልፋለች አለኝ። ገብቼ ነገርኳት። ከእንግዲህ መዋሸት ቀርቷል። ዓይኗን ከደነችና፣ "እዚሁ ስቀለው" አለች።

ምሰሶውን አቁመን ሸራውን ሰቀልነው። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐይ ወጥቷል። ነጭ ሸራ ከቆርቆሮ ጣሪያችን በላይ ወጣ፤ ከኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ሰዎች ማየት ጀመሩ። ነፋስ ግን የለም። በአንድ ወገን ኮንዶሚኒየሙ፣ በሌላው እየተሠራ ያለው ፎቅ ከልሎታል። ሸራው እንደተሰጣ አንሶላ ተንጠለጠለ። ጠበቅን። ጋሽ ታደለ መጡና የሸራውን ጫፍ ይዘው ያራግቡ ጀመር፤ ቤዛ በሌላው ጫፍ ያዘች፣ ጓደኞቼም ገቡበት። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ሸራ እያራገቡ ሠናይትን አሳቋት። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ።

"ተዉት ጋሼ፣ ይደክምዎታል" አለቻቸው። ከዚያ ወደኔ ዞረች። "ስፌቱ ቀጥ ብሏል፣ አይደል?"

"ቀጥ ብሏል።"

"እስቲ ድምፁን ንገረኝ።"

አጠገቧ ተንበርክኬ በጆሮዋ፣ በአፌ፣ የሸራውን ድምፅ አሰማኋት። የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው ነኝ፤ ሰው እያየኝ በከንፈሬ እንደ ሸራ ተንቀጠቀጥኩ፣ ተማታሁ። ከዚያ ዝም አልኩ። ዓይኗን ጨፍና ዝምታውን አዳመጠችው።

"አሁን ሄደች ማለት ነው?" አለችኝ።

"አዎ፣ ሄደች" አልኳት።

በአራተኛው ቀን አረፈች። ሰው በዝቶ የዕድሩ ድንኳን አልበቃ ሲል፣ ጋሽ ታደለ ሳይጠይቁኝ ሸራውን አውርደው ሴቶቹ በተቀመጡበት በኩል ወጠሩት። ሦስት ቀን አልቃሾቿን ከፀሐይ ጋረደላት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ዛሬ አንድ ሐኪም እናታችሁን ወይም ሚስታችሁን ውጭ ይጠብቁ ብሎ ለእናንተ ብቻ ነግሯችሁ ይሆናል። ፍቅር መስሏችሁ ዝም ብላችሁ ይሆናል። እኔም መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን የሠናይትን ሞት ሳይሆን የእኔን ፊት ነበር የደበቅሁት፤ ስታለቅስ ማየት ፈርቼ ነው። የቀሯት ቀኖች የሷ ነበሩ፣ እኔ ነኝ የወሰድኩባት። የእናንተን ቤት አላውቅም፤ ንገሩ ብዬ አላዝም። ግን ጠይቋት። ማወቅ ትፈልጊያለሽ ወይ ብላችሁ ጠይቋት። እኔ ይህችን አንዲት ጥያቄ ጠይቄ ቢሆን፣ በዚያ ሰኞ ጠዋት መኪናው በራችን ላይ ይቆም ነበር።

መንፈቋን ካወጣን በኋላ ጀልባዋን አርባ ምንጭ አስጭኜ ወሰድኳት። ቤዛ አብራኝ መጣች። ማለዳ ነበር፤ ከተራራው በኩል ነፋስ ይወርዳል። ከዳር እንደራቅን ሸራውን ሰቀልኩ። ተንቀጠቀጠ፣ ተማታ፣ ከዚያ ዝም አለ። ሠላሳ ምናምን ዓመት የጠበቅሁት ዝምታ ነው፤ እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ነበር። ያቺ በኅዳር የሰበርኳት ጎን ውሃ ታስገባለች። የማውቀውን ሁሉ አድርጌባታለሁ፤ ተላግቷል፣ በኮላ ተጣብቋል፣ ተለስኗል፤ ጭነት ሲበዛባት ግን በዚያች ስንጥቅ ታለቅሳለች። ስለዚህ በሰማያዊው ኩባያ እየቀዳሁ እደፋ ነበር።

ቤዛ መሪውን ይዛ፣ "አባዬ፣ ቀና በልና እየው እንጂ፤ ሞልቷል እኮ" አለችኝ።

ቀና ብዬ አየሁት። ስፌቱ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሏል፤ አንድም ቦታ አልጠመመም። ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሲደርስ ተመልሼ ጎንበስ አልኩና መቅዳቴን ቀጠልኩ።